ለኔትወርክ የተሰጠ ሠላሳ ደቂቃ

ደሴ ላይ ለእናቶች ጤና ጉባኤ ሲጠሩን ከጤና ጣቢያችን የሄድነው ሁለት ነን፤ አዋላጇ እኔና የመድኃኒት ክፍሉ ኃላፊ። ጋሼ ነው የምላቸው። ከመካነ ሰላም ተሳፍረን ደሴ እስክንገባ ያወራነው ስለ አንድ ነገር ነው፦ ከተበላሸ ወራት ስላለፈው አልትራሳውንዳችን። ለሳቸው ነገሩ የቤት ጉዳይ ነበር። ልጃቸው ነፍሰ ጡር ናት፣ ስምንት ወሯ ነው፤ የመጀመሪያ ልጇ ሰባት ወር ሲሆነው ሆዷ ውስጥ ሞቶባታል። ማድመጫዬን ሆዷ ላይ አስደግፌ «ልቡ ደህና ይመታል» ብላት አታምነኝም።

«አንቺ ሰማሽ እንጂ እኔ መች ሰማሁ?» ትለኛለች። እውነቷን ነው።

ማሽኑን የሚጠግን ሰው ማፈላለጉን እኔ ወሰድኩት። ስሜና ስልኬ ያለበት ካርድ አሳትሜ፣ የምናገረውንም በቃሌ አጥንቼ ነበር።

ከሻይ በኋላ መድረክ መሪው «አሁን ሠላሳ ደቂቃ ኔትወርክ የምትፈጥሩበት ነው» አለ። የጋሼ ፊት በራ። እኛ ዘንድ ኔትወርክ የሚገኘው ከጤና ጣቢያው ጀርባ ያለው ጉብታ ላይ ሲወጡ ነው።

«አየሽ የደሴን ሰው? ለስልክም ሰዓት ይሰጣል!» ብለውኝ ስልካቸውን ይዘው ወጡ። ከሰው ጋር ተዋወቁ ማለቱ እንደሆነ ላስረዳቸው ይገባ ነበር። ግን ተናደድኩና ተውኳቸው።

ብቻዬን አዳራሹን ዞርኩት። በማላውቀው ሰው ፊት ቆሞ ፈገግ ማለት እንዲህ ያደክማል ብዬ አላሰብኩም። አንዱ ካርዴን እየተቀበለ ከትከሻዬ በላይ ሌላ ሰው ይፈልጋል። አንዷ «በኢሜይል እናውራ» ብላኝ ኢሜይሏን ሳትነግረኝ ሄደች። አሥራ አንድ ካርድ አድዬ አንድም ጠጋኝ አላገኘሁም። ንዴቴን ሁሉ በጋሼ ላይ አደረግኩት።

ልጠራቸው ስወጣ ድምፃቸው ግቢውን ሞልቶታል። ጉብታው ላይ ስለለመዱ ስልክ ሲያወሩ ይጮኻሉ።

«አብሽሪ የኔ ልጅ! ማሽኑ ባይሠራ እኔው ደሴ አመጣሻለሁ! ልቡን በጆሮሽ ትሰሚዋለሽ ብያለሁ!»

ሰው ሁሉ ዞሮ ያያቸዋል። አፍሬ ልመለስ ስል አጥሩ ጥግ ሻይ ይዞ የቆመ ሰውዬ ጠጋ አላቸው።

«አባቴ፣ የምን ማሽን ነው?»

የሕክምና መሣሪያ ጠጋኝ ነበር። የአዳራሹ ትውውቅ ሰልችቶት ነው የወጣው። ጋሼ ማሽኑን ወደ ጎን ትተው አገሩን ጠየቁት፤ እናት አባቱ በሕይወት መኖራቸውን፣ ልጆቹን፣ የልጆቹን ጤና ጠየቁት። እኔ ሰዓቴን አያለሁ። እሱ ግን አንድ በአንድ መለሰላቸው፣ በተራው ስለ ልጃቸው ጠየቃቸው። ሠላሳው ደቂቃ ሲያልቅ ስለ ማሽኑ ገና አልተነሳም ነበር። ሁለቱም ወደ አዳራሹ አልተመለሱም።

በሁለተኛው ሳምንት ጠጋኙ አውቶቡስ ተሳፍሮ መጣልን። ማሽኑን ግማሽ ቀን ፈታቶ ሠራው።

የጋሼን ልጅ አልጋው ላይ አስተኛኋት። እሳቸው መግባት አፍረው ከበሩ ውጭ ቀሩ። የሕፃኑ ልብ ፈጠን ፈጠን እያለ ሲሰማ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ከበሩ ሥር የጋሼ ጫማ ይታየኛል፤ አይንቀሳቀስም።  እንደዚያ ቀን ወድጃቸው አላውቅም።

ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍ አደረግኩላቸው።