ፊቱ ያልወጣው የሁሴን ፎቶ

ባለፈው እሑድ የእህቴ ልጅ ፌቨን ከአዲስ አበባ ጎባ መጥታ፣ ሮቤ አንድ አዳራሽ ውስጥ ልትሰቅላቸው ያሰበቻቸውን ፎቶዎች ጠረጴዛዬ ላይ ደረደረችልኝ። ያነሳቻቸው ፎቶውን ወዲያው አትሞ በሚያወጣ አሮጌ ካሜራና ጊዜው ካለፈ ዓመታት ባስቆጠረ ፊልም ነው። ሰማዩ ብርቱካን ሆኗል፤ ዳር ዳሩን ቢጫ እድፍ በልቶታል።

«አጎቴ፣ ውበቱ እኮ እድፉ ላይ ነው» አለችኝ።

ደሜ ፈላ። «አንሺልኝ ከፊቴ» አልኳት። ልጅቱ ደነገጠች። የተናደድኩት በእሷ እንዳልሆነ ግን ወዲያው ገብቶኛል።

በሃያ ሁለት ዓመቴ እንዲህ ያለ ካሜራ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ፣ ከሮቤ ገበያ ጎባ መናኸሪያ የምመላለስ ፎቶ አንሺ ነበርኩ። በባሌ ብርድ ፎቶው እንደወጣ ካልሞቀ ሰማያዊ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ከካፖርቴ ስር ብብቴ ውስጥ እወትፈውና እስኪደርስ ከደንበኛው ጋር ስለ ገብስና ስለ ዝናብ እናወራለን። አንድ የጊኒር ነጋዴ ጊዜው ያለፈበት ፊልም በካርቶን ሰጥቶኝ ነበር። በእሱ ጽድና ጉም እያነሳሁ፣ ሮዝና ጢስማ ቀለም ሲወጣልኝ ራሴን ከሠዓሊ ቆጠርኩ። ያ ትዕቢቴ ዛሬም ያንገበግበኛል።

የገብስ አጨዳ ወቅት ነበር። መናኸሪያው በር ላይ ትኩስ ድንች በሚጥሚጣ እየበላሁ ሳለ፣ ሞሚና የምትባል ነፍሰ ጡር ባሏን ሁሴንን ደግፋ መጣች። ሆስፒታሉ ቤቱ ይረፍ ብሎ ሸኝቶታል፤ ምን ማለት እንደሆነ ሁለቱም ያውቁታል። ወደ አገራቸው ወደ ብድሬ የሚወስዳቸው አውቶቡስ ገና ተሳፋሪ እየጠራ ነው።

«ፎቶ ተነስቶ አያውቅም» አለችኝ። «ሆዴ ውስጥ ያለው ልጅ አባቱን ይይበት።»

ቦርሳዬ ውስጥ ደህና ፊልም ነበረኝ። ይህን መሸሸግ አልፈልግም። የጠዋት ጸሐይ በከሳው ጉንጩ ላይ ስታርፍ ሳይ፣ ለዚህማ የሚሆነው አሮጌው ነው አልኩና ካሜራው ውስጥ የነበረውን አልቀየርኩም።

ፎቶው ከብብቴ ሲወጣ ጋቢው ሮዝ፣ ግድግዳው ወርቅማ፣ ፊቱ ነጭ ጉም ሆኗል። እስከዚያ ቀን እንደዚያ ያማረ ነገር አላነሳሁም።

«ያ ኦቦሌሳ፣ ወንድሜ፣ ፊቱ የታል?» አለች ሞሚና።

«ቀስ እያለ ይወጣል» አልኳት። ውሸቴን ነበር።

ሁሴን «ተይው፣ ቆንጆ ነው» አላትና ወደ እኔ ዞሮ «ገለቶሚ» ብሎ አመሰገነኝ። ተሳፈሩ። ደህናውን ፊልም አግብቼ ሌላ ለማንሳት በቂ ጊዜ ነበረኝ፤ እኔ ግን ድንቼን ጨረስኩ።

ካሜራውን ከተውኩ ከብዙ ዓመት በኋላ አንዲት ወጣት ፎቶውን በላስቲክ ጠቅልላ ፈልጋኝ መጣች። ሁሴን እሷ ሳትወለድ ሞቷል። ሞሚናም ብትሆን ልጅቷን አሳድጋ ሞታለች። እናትየው ፊቱ ይወጣል ስለተባለች፣ ፎቶውን ለዓመታት ጸሐይ ላይ እያሰጣች ስትጠብቅ እንደኖረች ነገረችኝ። ጸሐዩ የቀረውንም ቀለም ወስዶታል።

«እርስዎ በዓይንዎ አይተውታል» አለችኝ። «እኔን ይመስል ነበር?»

የጋቢውን እጥፋት፣ የብርሃኑን አወራረድ አስታውሳለሁ። ፊቱን ግን ባስበው ባስበው ሊመጣልኝ አልቻለም።

«ቁርጥ እሱን ነሽ» አልኳት። ደስ ብሏት ሄደች።

ይህን ለፌቨን ስነግራት «ቢያንስ አጽናንተዋታል» አለችኝ። እንዲህ ያለው ማጽናኛ ነው የሚያበሳጨኝ። እናትየውን ዋሸሁ፣ ለልጅቷም ደገምኩላት፤ ሁለቱም አመኑኝ። አንዲት ሴት የባሏን ፊት አትርፍልኝ ብላ ለመነችኝ፤ እኔ የራሴን ስዕል ሠራሁበት።