ሰባቱ የደሴ ባለሙያዎች

ሥርጉት ገብረ ኢየሱስ መካነ ሰላም ውስጥ መጀመሪያ የቤት አያያዝ፣ ያ ትምህርት ሲቀር ደግሞ አማርኛ አስተምራ ጡረታ ወጥታለች። አሁን የምታቅደው ድረ ገጽ ነው፤ በአገራችን የታተሙ የምግብ አሰራር መጻሕፍት ታሪክ ከጥንቶቹ እስከ ዛሬዎቹ በቅደም ተከተል የሚነበብበት። የኮምፒውተሩን ሥራ የሚሠራላት የቀድሞ ተማሪዋ ሀይማኖት ነው፤ ገበያው አጠገብ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለው። መብራት ባለ ቀን ከጎኑ ተቀምጣ ታስጽፈዋለች። ለእያንዳንዱ መጽሐፍ አንድ ገጽ፣ በየገጹም ሦስት ጥያቄ አለ፦ ማን አሳተመው፣ ለማን ታተመ፣ ማን አበሰለው።

«ሦስተኛውን ብንተወውስ ቲቸር? መልሱ አንዱም መጽሐፍ ላይ የለ።»

«ስለሌለ ነው የምንጠይቀው።»

ከመጻሕፍቱ አንዱን ያሳተመው ከአብዮቱ በፊት ደሴ የነበረ የሴቶች ማሠልጠኛ ነው። መቅድሙ ምግቦቹ «በሰባት ባለሙያዎች እጅ የተፈተኑ» መሆናቸውን ይናገራል፤ የሴቶቹን ስም ግን አይናገርም። የሥርጉት እናት ንግሥቴ በዚያ ማሠልጠኛ ወጥ ቤት ሠርታለች። «እዚያ መጽሐፍ ውስጥ የእኔ እጅ አለበት» ባለች ቁጥር ወንድሞቿ «ፊደል ያልቆጠረች ደራሲ!» እያሉ ይስቁባት ነበር። እንደተሳቀባት ሞተች። ሥርጉት ስሟን በዚያ ገጽ ላይ ማየት ትፈልጋለች፤ ያለ ምስክር ግን አትጽፈውም።

ባለፈው ጥቅምት ከሰባቱ አንዷ በሕይወት እንዳሉ ሰማች። እማሆይ ወለተ ጊዮርጊስ መንኩሰው፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ ደብር አጠገብ ከእህታቸው ልጅ ከአበቡ ጋር ይኖሩ ነበር። ሥርጉት ሄደች። የእናቷን ስም ግን አልጠራችላቸውም። እሷ ቀድማ ከጠራችው ምስክርነቱ አይታመንም ብላ አሰበች፤ የወጥ ቤቱ ወሬ ሲነሣ ስሙ በራሱ እንዲመጣ ፈለገች። ስለዚህ ከመጽሐፉ የመጀመሪያ ምዕራፍ፣ ከዶሮ ወጡ ጀመረች።

«እማሆይ፣ ያኔ ደሴ ዶሮውን እንዴት ነበር የምትሠሩት?»

አሮጊቷ በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፈኑ። «ምነው ልጄ! ጽጌን እየጾምኩ የሥጋና የቅቤ ነገር ታስወሪኛለሽ?»

«ይቅር ይበሉኝ፤ ጽጌን መያዝዎን አላወቅሁም።»

«ከየት ታውቂዋለሽ፣ እናንት አስተማሪዎቹ የፈቃድ ጾም ነው ብላችሁ ትታችሁታል» አሉና ሳቁ። «ቁስቋምን ውለን ነይ። ያኔ ከነላባው እነግርሻለሁ።»

ሀይማኖት ነገሩን ሲሰማ ተናደደ። ስልኩን ይዞ ሄዶ ቢያንስ ስለ ሽሮው ጠይቆ ድምፃቸውን እንዲቀዳ ለመናት። ሥርጉት እምቢ አለች። ጾመኛ አይጎተጎትም። እማሆይ ጾሙ ሊፈታ ጥቂት ቀን ሲቀረው በተኙበት ዐረፉ።

ለቅሶው ላይ አበቡ ከጎኗ መጥታ ተቀመጠች።

«አብሽሪ እትዬ። ዶሮውን ሳይነግሩሽ ሄዱ።»

«ስለ ዶሮውስ አልነበረም። አብረዋቸው ስለ ሠሩት ሴቶች ነበር።»

አበቡ ቀና ብላ አየቻት። «ስለ ሰዎቹማ ምን ጾም አለው? ማታ ማታ በጸሎት ይጠሯቸው አልነበር! ‹የደሴ እህቶቼን አስብልኝ› እያሉ።»

«ንግሥቴ የምትባል ነበረች?»

«እንጃ እቴ፤ የሚጠሯቸው በክርስትና ስም ነው። ወለተ ሥላሴ፣ ወለተ ማርያም፣ ወለተ ኪዳን… እኔም እንቅልፍ ይጥለኛል፤ ጨርሼ ሰምቼም አላውቅ።»

የንግሥቴ የክርስትና ስም ወለተ ማርያም ነበር። በዚያ ደብር ግቢ ብቻ ስንት ወለተ ማርያም እንደተቀበረች የሚያውቅ ሰው የለም።

መብራት በመጣበት ቀን ሀይማኖት ገጹን ከፍቶ ጠበቃት። የእማሆይን ስም ጻፈ።

«እናትዎንም ልጻፋቸው እንጂ ቲቸር። ማን ይጠይቀናል?»

«እኔ እጠይቃለሁ።»

«ታዲያ ሌሎቹን ስድስቱን ምን ልበላቸው?»

«አልታወቁም በል።»

ጻፈው። ሥርጉት መነጽሯን አድርጋ አነበበችው።

«አራት ነጥቡን ረስተሃል» አለችው።