የነፃው ድረ ገጽ ጠያቂዎች

መስከረም እንደጠባ ነው። ክረምቱን ደጋ ላይ ከብት ስከትብ ከርሜ ፍኖተ ሰላም እንደገባሁ፣ ሻንጣዬን እንኳ ቤት ሳላደርስ በቀጥታ ኢንተርኔት ቤት ሄድኩ... የድረ ገጼን መርዶ ልሰማ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በኢሕአዴግ ጊዜ፣ ኢንተርኔት በደቂቃ በሚከፈልበት ዘመን፣ እኔ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነበርኩ። ገበሬው «ዶክተር» ይለኛል፤ እኔም አላርምም። ፈረስ እወዳለሁ። ሌላው በትርፍ ሰዓቱ ኳስ ሲያይ፣ እኔ የቋሪትንና የደጋ ዳሞትን ፈረሶች ፎቶ እያነሣሁ ከነስማቸው ድረ ገጽ ላይ እለጥፍ ነበር። ማን ያየዋል አትበሉኝ... እኔም አላውቅም።

ችግሩ ማስቀመጫው ነው፤ ሆስቲንግ የሚሉት። ርካሽ የተባለውም ክሬዲት ካርድ አምጣ ይላል። እኛ ደግሞ ያኔ ካርድ ሲባል የምናውቀው የሞባይሉንና የክትባቱን ነው። ፈልጌ ፈልጌ አንድ ነፃ አገኘሁ። ነፃ ማለት ግን... ቦታው ጠባብ ነው፣ ፎቶው ቴምብር እስኪያክል ማነስ አለበት፣ ከእያንዳንዱ ፈረስ አናት ላይ ደግሞ «ፍቅረኛ ይፈልጋሉ?» የሚል የፈረንጅ ማስታወቂያ ብልጭ ድርግም ይላል። ይህን ሁሉ ቻልኩት። የከበደኝ የመጨረሻው ሕግ ነው። ሠላሳ ቀን ሙሉ ማንም ካልከፈተው ያጠፉታል።

ለባለፈረሶቹ አድራሻውን በወረቀት ጽፌ ሳድል ይህንንም እየሳቅኩ ነግሬያቸው ነበር። «በወር አንዴ እንኳ ጠያቂ ካጣ ይደመሰሳል» ብዬ።

እኔ የከረምኩት ደግሞ ኢንተርኔት ቀርቶ ስልክም በቅጡ የማይሠራበት አገር ነው። ሁለት ወር ከምናምን። የባሰው፣ ፎቶዎቹ የነበሩበት የመሥሪያ ቤቱ ካሜራ ለስብሰባ ይፈለጋል ተብሎ ውስጡ ያለው ሁሉ ተጠርጓል። ሌላ ቅጂ የለኝም።

ከፈትኩት... አለ!

ሁሉም ፈረስ በቦታው ቆሟል። ከታች ያለው የጎብኚ ቁጥር እንዲያውም ከተውኩት አምስት ጨምሯል።

«እትዬ ዘይነባ፣ ይህን የሚከፍት ሰው አለ እንዴ?» አልኳቸው የቤቱን ባለቤት።

«ያንተ ነው እንዴ? ባላገሮች ናቸው የሚያስከፍቱኝ። ወረቀት ይዘው ይመጣሉ፣ አንድ ፈረስ ብቻ አይተው፣ ሂሳባቸውን ከፍለው፣ መርቀውኝ ይሄዳሉ። ደግሞ ሁሌም አንዱን ፈረስ!»

ተናግረው ሳይጨርሱ አንድ ሽማግሌ በሩ ላይ ባርኔጣቸውን አወለቁ። አያ ዘለቀ ናቸው፤ ከቋሪት ገበዝ ማርያም፣ ቦራ የሚባለው ፈረስ ጌታ። እግራቸው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ ነው።

«እንደምን ከረሙ አያ ዘለቀ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን ዶክተር። ፈረሱን ልጠይቅ መጣሁ። ተራዬ ነው።»

ተራ የምን ተራ እያልኩ ቦራን ከፈትኩላቸው። ይቀመጡ ብላቸው እንቢ አሉ። ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው፣ ቆመው አዩ... አዩ። ፈረስ የሚያይ ሰው ዓይኑ የሚሄደው እግሩና አንገቱ ላይ ነው። የእሳቸው ዓይን ግን ከፈረሱ አልነበረም። ከፎቶው ዳር ነበር።

ዳር ላይ ልጓሙን የያዙ ሴት አሉ። ፈረሱ እንዳይንቀሳቀስ ይያዙልኝ ያልኳቸው እኔ ነኝ። የአያ ዘለቀ ባለቤት፣ እሜቴ ጥሩወርቅ። ፊታቸው ግማሹ ብቻ ይታያል፤ እየሳቁ ነው።

«እሜቴስ ደህና ናቸው?» አልኩ።

«ሐምሌ መባቻ ዐረፈች ልጄ።» ዓይናቸውን አልነቀሉም። «በዕድሜዋ ፎቶ የሚባል ተነሥታ አታውቅም። ለቅሶዋ ላይ ቀሚሷንና መቁጠሪያዋን ይዘን አለቀስን። ኋላ ያ ወረቀትህ ትዝ አለኝ። መጥቼ ባስከፍት... አለች።»

እኔም ከወንበሬ ተነሣሁ።

«ጠያቂ ካጣ ይጠፋል ብለኸናል። የእኔ ጉልበት ብቻውን አይችለውም። ለማኅበርተኞቿ ብነግራቸው፣ ጽዋውን በተራ እንደምናወጣው እሷንም በተራ እንጠይቃት አሉ። ወሩ ቢያልፍብንስ ብለን በየዐሥራ አምስት ቀኑ አደረግነው።»

በዚያ ክረምት፣ በዚያ ጭቃ፣ ወንዙ እስኪጎድል እየጠበቁ፣ ቴምብር የምታክል ፎቶ ሊጠይቁ ከቋሪት ሲመላለሱ ከርመዋል።

እውነቱን ልንገራችሁ? ፎቶውን ስጭን ቦታ ስላነሰኝ ዳሩን ልቆርጠው ነበር። ፈረስ ነው የምፈልገው፣ ሰው ምን ያደርግልኛል ብዬ። መብራት ሊጠፋ ነው ሲሉኝ ተቻኩዬ እንዳለ ለቀቅኩት። እኔ እንግዲህ እሜቴ ጥሩወርቅን በራሴ እጅ ከማጥፋት ለጥቂት ነው የተረፍኩት። ይህንን ለአያ ዘለቀ አልነገርኳቸውም።

አያ ዘለቀ ከጋቢያቸው ጫፍ የቋጠሩትን ብር ሊፈቱ ሲሉ እትዬ ዘይነባ እጃቸውን ያዟቸው።

«ተዉ አባቴ። እኔ የፈረስ ፍቅር መስሎኝ ነው ስቀበል የከረምኩት። ለለቅሶ የመጣ ሰው ይከፍላል እንዴ?»

ፎቶውን በጥቁርና ነጭ አተምኩላቸው። ደብዛዛ ነው፤ የእሜቴ ሳቅ ግን ይለያል። አያ ዘለቀ ሳያጥፉ ደረታቸው ውስጥ አስገቡት።

«እንግዲህ እሜቴ በእጅዎ ገቡ፤ ከአሁን በኋላ በዚህ ጭቃ አይድከሙ» አልኳቸው።

ገርሟቸው አዩኝ። «የሰው ተራ እንዴት ይሰረዛል ልጄ? ቀጥሎ ያሉት ምን በደሉ?»

«እንግዲያውስ እኔንም ተራ ያስገቡኝ።»

«አንተማ የጥቅምት ነህ» አሉ ባርኔጣቸውን እያጠለቁ። «ገና ያኔ፣ ተራውን ስናወጣ ጽፈንሃል።»

ነፃ ነው ብዬ የያዝኩት ቦታ፣ ለካ ኪራዩ በእግር ሲከፈል ከርሟል።