ጋሼ አንስተው የጣሉት ሰው

ስልክ የደወለችልኝ የጋሼ ልጅ ነበረች። እሷ በእንግሊዝኛ ታወራለች፣ እኔ በአማርኛ እመልሳለሁ፤ አንድም ቃል አላመለጣትም። አባቷ እዚህ አሜሪካ፣ አላሜዳ ከተማ ውስጥ ብቻቸውን እንደሚኖሩ፣ የፓርኪንሰን በሽታ እንዳለባቸው፣ ከእኔ በፊት የመጡ ሁለት ኬርጊቨሮችን እንዳባረሩ ነገረችኝ። ሥራዬ ገላቸውን ማጠብ፣ መድኃኒታቸውን በሰዓቱ መስጠትና በወር አንድ ጊዜ ሳን ሆዜ ወስጄ መመለስ ነው። ሳን ሆዜ ምን ጉዳይ እንዳላቸው ስጠይቃት አንድ የድሮ ጓደኛ አላቸው አለችኝ። እሷም ከዚያ በላይ አታውቅም ነበር።

በመጀመሪያው ቀን ሸሚዛቸውን ሳወልቅላቸው የአንገታቸው ውፍረት አስገረመኝና ምን ሥራ ይሠሩ እንደነበር ጠየቅኳቸው።

"ታጋይ ነበርኩ" አሉኝ።

እጄ ቁልፉ ላይ ቀረ። እኔ የደሴ ልጅ ነኝ። ተማሪ ሳለሁ ታጋይ ማለት ጠጉሩን አጎፍሮ፣ ክላሽ አንግቶ ከተማችን የገባው ሰው ነበር። በእሳቸው ዘመን ደግሞ አሜሪካ የነበሩት ተማሪዎች ትግል ሲሉ ስብሰባና ወረቀት መበተን ማለታቸው እንደነበር ሰምቻለሁ። ከየትኛው ድርጅት እንደሆኑ ለመጠየቅ መፍራቴ ገባቸው። ጎንበስ ብለው ግንባራቸውን አሳዩኝ። ከቅንድባቸው እስከ ጠጉራቸው መነሻ ቆዳው በቁመት ተተልትሏል። ደም ካላየ ሕዝቡ አይደሰትም ነበርና እየተደበቅን በምላጭ እንቆርጠው ነበር አሉ። የእሳቸው ትግል በቴሌቪዥን የሚታየው፣ በገመድ በታጠረ ሪንግ ውስጥ የሚደረገው ነው።

የቀረውን ታሪካቸውን ገላቸውን ሳጥብ በጥቂት በጥቂቱ ሰማሁት። ሙቅ ውኃው ጀርባቸው ላይ ሲወርድ ነው ወሬ የሚወጣቸው፤ ከመታጠቢያ ቤት ከወጡ በኋላ ዝምተኛ ናቸው።

የመጡት ንጉሡ ሳይወርዱ ነው፣ በስኮላርሺፕ፣ ድልድይ መሥራት ሊማሩ። አገር ቤት መንግሥት ሲለወጥ ስኮላርሺፑ ተቋረጠና ኦክላንድ ወደብ ላይ ጭነት መሸከም ጀመሩ። እዚያ ትከሻቸውን ያየ፣ ግጥሚያ የሚያዘጋጅ አንድ የትግል ፕሮሞተር ጂም ወሰዳቸው። ስድስት ወር ሙሉ አወዳደቅ ብቻ ተማሩ። ሪንግ ላይ ምን ሆነው እንደሚወጡ የተነገራቸው ከዚያ በኋላ ነው። እሳቸው ኢትዮጵያዊ ነኝ፣ የምሕንድስና ተማሪ ነኝ፣ እንደዚያው ሆኜ ልውጣ ብለው ነበር። ፕሮሞተሩ ሳቀባቸው። የሚወጡት ከጫካ የተያዘ፣ መናገር የማይችል ሰው በላ ሆነው ነው። የነብር ቆዳ የሚመስል ጨርቅ አስለበሳቸው፣ አንገታቸው ላይ አጥንት አንጠለጠለባቸው። አንድ ሰው በሰንሰለት እየጎተተ ወደ ሪንጉ ያመጣቸዋል። በቋንቋህ ጩህ ተባሉ። የመጀመሪያው ቀን ምን እንደሚሉ ሲጠፋቸው አንደኛ ደረጃ እያሉ በቃላቸው የያዙት ማባዣ መጣላቸው። ደረታቸውን እየመቱ ሰባት ጊዜ ስምንት ሃምሳ ስድስት፣ ሰባት ጊዜ ዘጠኝ ስልሳ ሦስት እያሉ ጮሁ። ፊት መስመር ላይ የተቀመጡ እናቶች ልጆቻቸውን እቅፍ አደረጉ።

ይህን ሲነግሩኝ ሳቄ አመለጠኝ። እሳቸው አልሳቁም። ጀርባዬን ቀስ አድርገህ እሸው አሉኝ።

ተጋጣሚያቸው የሳን ሆዜ ልጅ ነው፤ ጠጉሩ ወርቃማ የሆነ፣ ሕዝቡ የሚወደው ነጭ። በእንዲህ ያለው ትግል ማን እንደሚያሸንፍ አስቀድሞ ይወሰናል፤ የሚሸነፉት ሁልጊዜ ጋሼ ነበሩ። መውደቁ ግን የእውነት ነው፤ ከሸራው ሥር ያለው ጣውላ ነው። ሁለት ዓመት ያህል ኦክላንድ፣ ስቶክተን፣ ሳክራሜንቶና ሳን ሆዜ እየዞሩ ተጋጠሙ። ባላንጣ የተባሉ ሰዎች አብረው እንዳይታዩ በየራሳቸው መኪና ይሄዳሉ። ይሁንና ካስትሮ ቫሊ ውስጥ ማንም በማያውቃቸው አንዲት ትንሽ ምግብ ቤት እየተገናኙ ቁርስ ይበሉ ነበር። ጋሼ በዚህ አገር ጓደኛ የሚሉት ፈረንጅ እሱ ብቻ ነበር። ሰው ስታነሳ ያ ሰው ገላውን አምኖ ሰጥቶሃል፣ ሥራህ ማንሳቱ ሳይሆን በደህና መልሰህ ማስቀመጡ ነው እያለ ያስተማራቸውም እሱ ነው። አንድ ነገርም ተስማምተው ነበር። ማይክሮፎን ሲይዝ ስለ ጫካም ስለ ሰው በላም ያሻውን ይበል፤ ዝንጀሮ የሚለው ቃል ግን ከአፉ አይወጣም።

የመጨረሻው ግጥሚያቸው ሳን ሆዜ ነበር። በዚያው ቀን ጠዋት በርክሌይ ውስጥ የኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ማኅበር ተሰብስቦ ጋሼን ከአባልነት አባረራቸው። ሁለት አባላት ኦክላንድ አዳራሽ ገብተው አይተዋቸው ኖሯል። እኛ ለሕዝብ ስንታገል አንተ በሰንሰለት እየተጎተትክ ጥቁርን ታዋርዳለህ አሏቸው። ከሠላሳ ሰው መሃል አንድ እንኳ የተከራከረላቸው አልነበረም። ከስብሰባው ወጥተው በቀጥታ ወደ ሳን ሆዜ ነዱ።

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ወዳጃቸው ማይክሮፎኑን ያዘና ያንን ቃል ተናገረ። ለምን እንደተናገረው ጋሼ አያውቁም። ምናልባት ሕዝቡ ቀዝቅዞበት ይሆናል፤ ምናልባት ፕሮሞተሩ አዝዞት ይሆናል። አዳራሹ ተናጋ፤ የሙዝ ልጣጭ ከያለበት ይወረወር ጀመር። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ አስቀድመው በተነጋገሩት መሠረት ጋሼ ከራሳቸው በላይ አነሱት። በጀርባው ጠፍጣፋ አድርገው ሊያሳርፉት ሲገባ በትከሻው ተተከለና ገላው በላዩ ላይ ታጠፈ።

"እግሬን አጣሁት" አላቸው በሹክሹክታ። "እግሬ የት አለ?"

ዳኛው ጎንበስ ብሎ አየና ለጋሼ ቀጥል አላቸው። ቃሬዛ እስኪመጣ ሕዝቡ ምንም መጠርጠር የለበትም። ስለዚህ በወደቀው ወዳጃቸው ላይ እግራቸውን አንፈራጠው ቆሙ፤ ደረታቸውን እየደበደቡ ማባዣውን ጮሁ። የስምንትን ጨርሰው፣ የዘጠኝን ጨርሰው፣ የአሥራ ሁለት ላይ ሲደርሱ ነው ቃሬዛው የመጣው። ከዚያ ቀን በኋላ ሪንግ ውስጥ ገብተው አያውቁም። ትምህርታቸውንም ሳይጨርሱ ቀሩ፤ ጡረታ እስኪወጡ የከተማ አውቶብስ ነዱ።

አንድ ቀን ምሳ ልጋብዛቸው ብዬ ቴሜስካል የሚባለው የኦክላንድ ሰፈር፣ አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ወሰድኳቸው። ገና ወንበር ስስብላቸው ከወዲያኛው ጠረጴዛ አንድ ጡረታ የወጡ ፕሮፌሰር ተነስተው መጡና አቀፏቸው። ያባረሯቸውን ስብሰባ የመሩት እኚህ ሰው ናቸው። ሳቅ እያሉ "እውነተኛው ታጋይ አንተ ብቻ ቀረህ" አሏቸውና ወደ ቦታቸው ተመለሱ። ጋሼ አንድ ጉርሻ ሳይቀምሱ ወደ ቤት ውሰደኝ አሉኝ።

ሳን ሆዜ የምወስዳቸው አንስተው ወደጣሉት ወዳጃቸው ነበር። ሰውዬው ከወገቡ በታች ሽባ ከሆነ ከአርባ ዓመት በላይ አልፎታል። ሚስቱ ትታው ሄዳ፣ እናቱ ስትሞት ነርሲንግ ሆም የሚባል የሕሙማን መጦሪያ ገብቷል። ዊልቼሩን ወደ መስኮቱ አዙሮ ይጠብቀናል። ከዚያ ወርቃማ ጠጉር አንድም አልቀረለትም። ብዙ አያወሩም። ጋሼ አረፋ ይቀቡትና ፂሙን ይላጩታል። ከሆስፒታል ከወጣበት ጊዜ ጀምሮ በየወሩ እንዲሁ ሲያደርጉ ኖረዋል። እኔ በደረስኩበት ጊዜ እጃቸው መንቀጥቀጥ ስለጀመረ ልላጭልዎት ብዬ ምላጩን ልቀበላቸው ስል ሰውዬው ከለከለኝ።

"ተወው፣ እሱ ያድርገው" አለኝ።

አንገቱን ወደኋላ ጥሎ ዓይኑን ጨፈነ። እኔ ማየት አቃተኝ። ከአንድም ሁለት ቦታ ተቆረጠ፤ ጥጥ ይዤ ቆሜ ጠረግኩለት። ከዚያ በኋላም በየወሩ እንደዚያው ነበር።

ዓመት ከሠራሁ በኋላ፣ አንድ ቀን ከሳን ሆዜ ስንመለስ ፍሪዌዩ ፍሪሞንት አጠገብ በአደጋ ተዘጋ። ከአንድ ሰዓት በላይ ቆምን። እኔ ከንጋት ጀምሮ ሌላ በሽተኛ ዘንድ ሺፍት ሠርቼ ነበር የመጣሁት፤ የዐስር ሶላት ሳልሰግድ ሊያልፈኝ ነው፤ ወገቤን አሞኛል። ጋሼ ድንገት ማውራት ጀመሩ።

"ዳለጠኝ ብዬ ነው የነገርኩት። ለእሱም፣ ለፖሊስም፣ ለሚስቴም።"

"አልዳለጥዎትም ነበር?"

"እጄ ደረቅ ነበር። ልጎዳው አስቤ ይሁን አላውቅም፤ እሱን አርባ ዓመት አስቤ አልደረስኩበትም። አጥብቄ መያዝ የነበረብኝ ጊዜ ግን ነበረ፤ አልያዝኩትም።" ወደ እኔ ዞሩና "ልንገረው?" አሉኝ።

"ይንገሩት ጋሼ። ቀለል ይልዎታል" አልኳቸው።

በሚቀጥለው ወር ነገሩት። አረፋውን ቀብተው ምላጩን አንስተው ነበር፤ መልሰው አስቀመጡትና ተናገሩ። አጭር ነበር። ሰውዬው ፊቱ ላይ አረፋ እንዳለ ሰማቸው።

"አውቃለሁ" አላቸው። "ገና አየር ላይ ሳለሁ ነው ያወቅኩት። ሁለት ዓመት ሙሉ ያነሳኝን እጅ አላውቀውም?"

ጋሼ ይቅር በለኝ አሉት።

"ሳትጠይቀኝ ይቅር ብዬህ ነበር እኮ። ያንን ቃል የተናገርኩት እኔ ነኝ። አንተ ዳለጠኝ ስትል እኔም ዳለጠው ብዬ ለመኖር ወሰንኩ። እንደዚያ ሆኖ ስትመጣ ደስ ይለኝ ነበር። አሁን ስትመጣ ምን ብዬ ልይህ?"

ሰውዬው ወደ እኔ ዞሮ አረፋውን እንድጠርግለት ጠየቀኝ። በፎጣ ጠረግኩለት፤ ፂሙ እንዳለ ነው። ከእንግዲህ አትምጣ አላቸው፤ አልተቆጣም፣ ድምፁንም ከፍ አላደረገም።

በወሩ ሄድን። ሪሴፕሽን ላይ ያለችው ልጅ እንግዳ አይቀበልም አለችን። በሌላውም ወር ሄድን፤ ያው ነው። ጋሼ የመላጫ ዕቃቸውን በፌስታል ጭናቸው ላይ ይዘው ሎቢው ውስጥ ተቀምጠው ቆዩ፤ ሰዓቱ ሲደርስ ደግፌ አስነሳኋቸው። ክረምት ላይ የሰውዬው እህት ደወለች። ጋሼ ስልክ መያዝ ስለማይችሉ የተቀበልኩት እኔ ነኝ። ሳንባውን ይዞት መሞቱን፣ ቀብሩ ለቤተሰብ ብቻ መሆኑን ነገረችኝ። ጋሼ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ሳሉ ነገርኳቸው። እሳቸውን ከከለከላቸው በኋላ ማን ይላጨው እንደነበር ጠየቁኝ። አላውቅም አልኳቸው። ገላዬን አልታጠብም፣ ዛሬ ተወኝ አሉ።

ምግብ እምቢ ማለት ሲጀምሩ ልጃቸው ከሳክራሜንቶ መጣች። ሳን ሆዜ መሄድ ለምን እንደተዉ ስትጠይቅ፣ ጋሼ አንተ ንገራት አሉኝ። ከማኅበሩ ስብሰባ ጀምሬ እስከ ፎጣው ድረስ በአማርኛ ነገርኳት። እሷ ከምታጥፈው ልብስ እጇን ሳታነሳ ሰማችኝ። ስጨርስ ወደ አባቷ ዞራ እውነት ነው ወይ አለቻቸው፣ በእንግሊዝኛ። እውነት ነው አሏት በአማርኛ። ሌላ ምንም አልጠየቀቻቸውም። እሷ ዘንድ እንዲኖሩ ወሰነች።

የሚሄዱ ዕለት ሻንጣ ልትጭን ስትወርድ ሁለታችን ቀረን። ጫማቸውን ሳስርላቸው እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አደረጉ።

"ንገረው ያልከኝ ለእኔ አዝነህ ነው ለእሱ?"

"ለሁለታችሁም ብዬ ነው" አልኳቸው።

አምነውኝ ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ ግን ያን ቀን ፍሪዌይ ላይ ስለ ሁለቱም አላሰብኩም። ደክሞኝ ነበር፤ የጸሎት ሰዓቴ እያለፈ ነበር፤ ወሬው ቶሎ እንዲያልቅ ፈልጌ ነው የመጣልኝን የተናገርኩት።

አሁን የምሠራው ካስትሮ ቫሊ፣ አንዲት አሮጊት ዘንድ ነው። ጋሼን በየሁለት ሳምንቱ ኮል አደርጋቸዋለሁ፤ ልጃቸው ስልኩን ጆሯቸው ላይ ትይዝላቸዋለች። እንቅልፋቸውን እጠይቃቸዋለሁ፣ እሳቸው የልጆቼን ትምህርት ይጠይቁኛል። እውነቱን ልንገራቸው ብዬ ያሰብኩባቸው ቀኖች አሉ። እስካሁን አልነገርኳቸውም።