ለግድግዳ አልዘፍንም

ይህ የሆነው አምና ከፋሲካ በኋላ ነው። እስከ ዛሬ ትዝ ባለኝ ቁጥር ብቻዬን እስቃለሁ። ሰቆጣ ውስጥ ያላወራሁለት ሰው ስለሌለ አሁን ደግሞ ለእናንተ ልጻፈው ብዬ ተነሣሁ።

አዲስ አበባ ባለው በትልቁ ቲያትር ቤት፣ ከየጠቅላይ ግዛቱ የሚመጡ ተማሪዎች የአገራቸውን ዘፈን እንዲያሳዩ ጥሪ ሲደርሰን፣ ከእኛ ትምህርት ቤት የተመረጥኩት እኔ ነኝ። መመረጤ አልገረመኝም። ዝናብ ሲዘገይ እኛ ልጃገረዶች ተሰብስበን የምንዘፍነውን ዘፈን የማወርደው እኔ ነኝና። አውራጅ ግጥሙን ታወጣለች፤ የቀረው ሰው ሁሉ ተቀባይ ነው፤ እያጨበጨበ «ይምጣ!» ይላል። በመንገድ የሚያልፍ እንኳ ቆም ብሎ ይቀበላል። ተቀባዩ የሰነፈ እንደሆነ አውራጇ በግጥም ትሰድበዋለች፤ እሱም ስቆ ድምፁን ከፍ ያደርጋል። ወጉ እንዲህ ነው።

አባቴ መሪጌታ ናቸው። «ሴት ልጅ ለዘፈን ብላ አዲስ አበባ ድረስ?» ብለው ተቆጡ። መምህራችን ጋሽ ይርጋ ደጅ ጠንተው ጠንተው አስፈቀዱልኝ። አባባ ሲያሰናብቱኝ ግን «አዋርደሽን ከመጣሽ ዘፈኑም ትምህርቱም ያበቃል» አሉኝ። አባባ ደግሞ ቃላቸውን አያጥፉም።

እስከ ኮረም በበቅሎ፣ ከዚያ ወዲያ በአውቶቡስ ነው። ጋሽ ይርጋ ብዙ ልጅ ማንገላታት ስላልፈለጉ እኔንና ከበሮ መቺዋን ጓደኛዬን ጥሩነሽን ብቻ ይዘው ተነሡ።

«ተቀባይስ?» አልኳቸው።

«ተቀባይ ደግሞ ከሰቆጣ ይጫናል እንዴ? ሰው ባለበት ሁሉ አለ» አሉኝ። እውነት ነው ብዬ ስንቄን ቋጠርኩ።

ቲያትር ቤቱ ሁለት አዳራሽ አለው። ትንሹ መለማመጃ ነው። ትልቁ ግን፣ ምን ልበላችሁ፣ ወንበሩ ሁሉ ቀይ ከፈይ የለበሰ፣ ወደ ኋላ እየወጣ እየወጣ ሄዶ ሰገነት ላይ የሚያበቃ ነው። ጥሩነሽ ወንበሩን በእጇ እየዳበሰች «በእኛ አገር ከፈይ ካህን ይለብሰዋል፤ እዚህ ይቀመጡበታል!» አለችኝ።

መድረኩን የሚያዘው ሰውዬ፣ እርሳስ ጆሮው ላይ እንደ ሰካ፣ እኛን ቆጠረና «ሌሎቹስ?» አለ።

«የትኞቹ?» አሉ ጋሽ ይርጋ።

«ተቀባዮቹ ነዋ!»

ጋሽ ይርጋ ባዶውን ወንበር አሳዩት። «ከሰዓት እዚህ ይቀመጡ የለም እንዴ?»

ሰውዬው የቀለዱ መስሎት ሄደ።

ከሰዓት በኋላ ተራችን ደርሶ መጋረጃው ተከፈተ። አዳራሹ ሞልቷል፤ ግን መብራቱ ዐይኔን ስለወጋኝ ከፊተኛው ረድፍ በቀር ሰው አይታየኝም። ጥሩነሽ ከበሮውን መታች።

«ደመናው ከበደ!» አልኩ።

ዝም።

አልሰሙኝ ይሆናል ብዬ «ማሽላው ጠበቀ!» አልኩ፣ ጮክ ብዬ። አሁንም ዝም። ከኋላ አንድ ሰው ኡሁ ኡሁ ብሎ ሳለ፤ ያገኘሁት መልስ ያ ብቻ ነው።

ለካ የከተማ ሰው ቲያትር ቤት ሲገባ አፉን ዘግቶ ያዳምጣል፤ የሚያጨበጭበውም ሲያልቅ ነው። ይህን ማን ነገረን? የአባባ ፊት ድቅን አለብኝ። ደብተሬን ሰብስበው ከሣጥን ሲከቱት ታየኝ። ጥሩነሽ ከበሮዋን ሳታቆም በጥርሷ መሃል «ሞተዋል እንዴ?» አለችኝ።

ከመጋረጃው ጀርባ ባለ እርሳሱ «ልዝጋው! ልዝጋው!» ሲል ይሰማኛል። ጋሽ ይርጋ የመጋረጃውን ገመድ ጨምድደው ይዘው ምን ቢሉት ጥሩ ነው?

«ቆይ እንጂ! ገና መስደብ አልጀመረችም!»

ይህን ስሰማ ልቤ ወደ ቦታው ተመለሰ። እውነትም ገና አልጀመርኩም! ነጠላዬን አጥብቄ ታጠቅሁና እስከ መድረኩ ጫፍ ሄድኩ።

«አገር አቋርጬ፣ በበቅሎ ተጭኜ፣
ለግድግዳ ልዝፈን፣ ምን በድዬ ሆኜ?»

ሰገነቱ ላይ አንድ ሴት ከት ብላ ሳቀች። ሳቅ ካለ ሰው አለ ማለት ነው። ከፊት ረድፍ ክራቫት ያሰሩ ትልቅ ሰው አየሁና ወደ እሳቸው ዞርኩ።

«ፊት የተቀመጡ፣ ባለ ክራቫቱ፣
ድምፅዎ የማይወጣው፣ ታንቆ ነው አንገቱ?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሰውዬው አንገታቸውን ዳበሱና «ኧረ አልታነቅሁም! ምን ልበል ልጄ?» አሉ።

«ይምጣ ይበሉ!»

«ይምጣ!» አሉ። ብቻቸውን ነበሩ፤ ቀጥሎ ጎረቤታቸው፣ ቀጥሎ ረድፉ፣ ከዚያ ሰገነቱ ሳይቀር። «ደመናው ከበደ!» ስል «ይምጣ!»፤ «ማሽላው ጠበቀ!» ስል «ይምጣ!» ጭብጨባው ከከበሮው እኩል ሄደ። የተሰጠን ጊዜ አልቆ እንኳ እንድናቆም አልፈቀዱልንም። ዞር ብዬ ባይ ባለ እርሳሱም ገመዱን ትቶ ያጨበጭባል።

ሰቆጣ ስንመለስ ጋሽ ይርጋ ሁሉንም ለአባባ ነገሯቸው፤ ስድቡን እንኳ አልዘለሉልኝም።

«ትልቅ ሰው ሰደብሽ?» አሉኝ አባባ።

«‹እርስዎ› እያልኩ ነው የሰደብኳቸው» አልኩ።

«ታዲያ ተቀበሉሽ?»

«ሰገነቱ ሳይቀር።»

ጋቢያቸውን አስተካከሉ። «እኔ ግን ይኸው ስንት ዘመን፣ ተማሪዎቼን በአንድ ድምፅ ማስቀበል አቅቶኛል» አሉ። ከዚያ በኋላ ስለ ማቆም የተነሣ ነገር የለም።

ዘንድሮም ተጠርተናል። ጋሽ ይርጋ አምና ደንግጠው ኖሮ «ተቀባይ የሚሆኑ ልጆች እንምረጥ?» ብለው ጠየቁኝ።

«ግድ የለም፤ የእኔዎቹ እዚያው አሉ» አልኳቸው። እኔ አሁን ግጥም እያዘጋጀሁ ነው። በተለይ ሰገነት ላይ የምትቀመጡ፣ እንዳትሰንፉ!