የሽባባው ኮርቻ

ሽባባው ቅናት ሲይዘው እህል አያሰኘውም። በሃምሳዎቹ ዓመታት ዳንግላ ዳር ኮርቻ እየሠራ ሲኖር ክፉ ጎረቤት አልገጠመውም፤ ክፋቱ፣ ጎረቤቱ አበረም ኮርቻ ሠሪ መሆኑ ነው።

የጥር ጊዮርጊስ ሲቃረብ ፈረሰኛው ሁሉ ኮርቻ ያሠራል። የፈረሰኞቹ አለቃ አያ ዓለምነው ለዓመታት የተቀመጡት በሽባባው ኮርቻ ላይ ነበር። ያን ዓመት ግን አበረ ደጅ ቆመው ሲያወጉ ታዩ። ሽባባው መንገድ ላይ ጠበቃቸውና፣

«አያ ዓለምነው፣ እኔ ቁሜ? አዲሱን እኔው እሠራልዎታለሁ» አላቸው።

በዚህም አልበቃው። ለአበረ አንድ ደንበኛ እንዳይተርፍ ብሎ የመጣውን ሁሉ «እሽ፣ ለበዓሉ ይደርሳል» እያለ ተቀበለ።

ኮርቻ የሚለበጠው በጥሬ ቆዳ ነው። ቆዳው ተነክሮ ሲለሰልስ እንጨቱ ላይ ተወጥሮ ይሰፋል፤ ሲደርቅ እንጨቱን ጨምድዶ ይይዛል። ሽባባው ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም፣ ቅናት አሳወረው እንጂ። ቆዳውን ሁሉ ባንድ ቀን ነከረ።

«ኧረ አንተ ሰው፣ አንዱን ጨርሰህ ሌላውን ብትነክር ምን አለበት?» አለችው ሚስቱ ካሳነሽ።

«አበረ እስኪቀድመኝ?»

በአጥሩ ቀዳዳ አጮልቆ ሲያይ፣ አበረ አንዱን ኮርቻ ጭኑ ላይ አድርጎ ይሰፋል፤ የቀረው ቆዳ ደርቆ እንደተሰቀለ ነው። ደንበኛ ሲመጣበት «ለጊዮርጊስ አልደርስልህም» ይለዋል። ሰውዬውም «እጠብቃለሁ» ብሎ ይሄዳል። ሽባባውን ያንገበገበው ይኸ «እጠብቃለሁ» ነው። እሱን ማን ጠብቆት ያውቃል!

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። የአንዱን ጎን ሰፍቶ ወደ ሌላው ሲዘል፣ በጎዶሎ የተሰፋው ደርቆ እንጨቱን አጣመመው፤ ከውሃ ያላወጣው ደግሞ ሸተተ። የአያ ዓለምነው ኮርቻ ከተጣመሙት አንዱ ነበር።

በበዓሉ ቀን አያ ዓለምነው በአሮጌው ኮርቻቸው ወጡ። ሽባባው አንገቱን ደፍቶ ከሰዉ ኋላ ቆመ። ፈረሱ ሽምጥ ሲጋልብ ኮርቻው ንቅንቅ አላለም።

«የማን እጅ ነው?» አለ አንድ እንግዳ።

«የአያ ሽባባው ነው፣ ድሮ የሠራው» አለ አበረ። «እኔም እሱን አይቼ ነው የተማርሁት።»

ሽባባው ያን ኮርቻ ሲሠራ ቤቱ ውስጥ ሌላ የተነከረ ቆዳ እንዳልነበረ ትዝ አለው። በዚያ በበዓሉ ቀን የቀናው በአበረ አይደለም፤ ያን ኮርቻ በሠራው ሰውዬ ነው።