የማንኩሳ ሰንበቴና የያምሮት ኮድ

ያምሮት ማንኩሳ ውስጥ ለጀማሪዎች የኮምፒውተር ኮድ መጻፍ ታስተምራለች። እሷ የተማረችው ቡሬ ሳለች ነው፤ ከሥራ መልስ፣ መስታወቱ በተሰነጠቀ ስልክ፣ ከኢንተርኔት ባገኘችው መመሪያ። አባቷ በሕይወት ሳሉ «ይኸ ጣትሽ እንደ ዶሮ ምን ይለቅማል?» ይሏት ነበር። ዛሬም ስትጽፍ ድምፃቸው ይመጣባታል፤ ፈገግ ትላለች። ለተማሪዎቿ ዘወትር የምትነግራቸው «በትንሹ ጀምሩ፤ የጻፋችሁትን ሳትሞክሩ ሌላ አትጨምሩበት» የሚለውን ነው።

የምታስተምረው በሰንበቴው ቤት ነው። መምሬ ገብረ ኢየሱስ ቁልፉን ሲሰጧት «ተረኛውን የሚያስታውስ ነገር ሥሪልን። ካልሆነልሽ ቁልፉን ትመልሻለሽ» ብለዋታል። ዳቦና ጠላ የሚያመጣው ቤት ተራውን እየዘነጋ ማኅበሩን ሲያነታርከው ከርሟል።

ያምሮትም ቸኮለችና ከመመሪያው አንድ ምሳሌ እንዳለ ገለበጠች። ምሳሌው የመጨረሻ ስማቸው አንድ የሆነ ሰዎችን ሰብስቦ እንደ አንድ ቤተሰብ ይቆጥራል። ፈረንጅ አገር ባልና ሚስት ስም ይጋሩ ይሆናል። ማንኩሳ ግን የመጨረሻው ስም የአባት ስም ነው፤ ይህን ሕፃን ልጅም ያውቀዋል። ኮድ ስትገለብጥ ግን ረሳችው። የራሷንም ምክር ረስታ፣ ሳትሞክር ለማኅበርተኛው ሁሉ ተራውን የሚነግር መልእክት በስልክ ላከች።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የሰንበቴው ቤት ተናወጠ።

«አንቺ ልጅ፣ ከባሌ አፋታሽኝ እኮ!» አሉ እትዬ አልጣሽ ሳቅ እያነቃቸው። «ለኔ አንድ ተራ፣ ለሱ ሌላ ተራ! ሁለት ጊዜ ጠላ ልጥመቅ?»

አያ ይርሳው ባምላኩ ግን አልሳቁም። ከአያ ተስፋው ባምላኩ ጋር አባቶቻቸው ሞክሼ ናቸው እንጂ ዝምድና የላቸውም፤ እንዲያውም በእርሻ ድንበር ተኳርፈዋል። መልእክቱ ደግሞ ሁለቱን አንድ ቤት አድርጎ የመጪው እሑድ ተረኞች ብሏቸዋል።

«ከዚህ ሰው ጋር አንድ ቤት?» አሉ አያ ይርሳው።

«ድንበሩን ስትገፋ ስትገፋ ቤቴ ገባሃ!» አሉ አያ ተስፋው።

ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። ያምሮት እጇን ኪሷ ውስጥ ከታ ቁልፉን ጨበጠችው። ከዚያ ላፕቶፗን ከፈተች።

«ጥፋቱ የኔ ነው። መጠየቅ የነበረብኝ የአባታችሁን ስም ሳይሆን ከማን ጋር እንደምትኖሩ ነው።»

አሁን በትንሹ ጀመረች፤ መጀመሪያ የእትዬ አልጣሽን ቤት ብቻ አስተካክላ ሞከረችው። ባልና ሚስቱ ስልካቸውን አስተያዩ፤ እሑዱ አንድ ነው።

«ታረቅን!» አሉ እትዬ አልጣሽ፤ እልልታውም ተከተለ።

ያምሮት ወደ ሁለቱ ሰዎች ዞረች። «እናንተንም ልለያችሁ።»

«ቆይ» አሉ አያ ይርሳው። «የመጪውን እሑድ ተይው። ዳቦው የኔ ይሁን፤ የሱን ቤት ዳቦ ማን አፉ ያደርሰዋል?»

«ያንተን ዳቦ የሚያስውጥ የኔ ጠላ ነው!» አሉ አያ ተስፋው።

«ቁልፉስ መምሬ?» አለች ያምሮት ፈራ ተባ እያለች።

«እዚያው ኪስሽ ይቀመጥ» አሉ መምሬ። «ብቻ ሌላ ጊዜ ሰው ከማፋታትሽ በፊት ለኔ ንገሪኝ፤ የማጋባው እኔ ነኝ።»